ልጄ አያቱን «አንተ» ይላል ላልሽው

የ7 ዓመት ልጅሽ፣ ያውም ዲሲ ተወልዶ፣ አያቱን በስልክ «አንተ ደህና ነህ?» ማለቱ ብልግና አይደለም። የሚመልሰው ለራሱ ሲባል የሰማውን ነው። ቀኑን ሙሉ «አንተ ና ብላ» ትይዋለሽ አይደል? በእንግሊዝኛው ደግሞ ትልቅም ትንሽም የሚጠራው በአንድ ቃል ነው።

ስለዚህ ከምትነግሪው አሰሚው። ለአባትሽ ስትደውይ ስፒከር ላይ አድርጊው፤ «እንዴት አደሩ? ቡና ጠጡ?» ስትዪ ይስማ። ከዚያ አንዲት ዓረፍተ ነገር ስጪው፦ «አባባ፣ ደህና ነዎት?» እሷን ሲለምድ ሌላ ጨምሪ። ትንሿ ልጄ ሁለት ወር ፈጅቶባታል፤ መሃል ላይ ድመቷንም «ይብሉ» ትል ነበር።

ግን እንግዳ ፊት አታርሚው፣ አትሳቂበትም። እኔ ታላቋ ላይ ስቄ አማርኛውን እርግፍ አድርጋ ተወችው። አሁን 15 ዓመቷ ነው፤ በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች።