የማማ መዝገብ ማጥራት የመሐንዲስ ሥራ ነው ወይ?

ውድ ጠያቂዬ፣

በጂኦማቲክስ (የመሬት ልኬትና የካርታ ሥራ) ምሕንድስና ተመርቀሽ ሁለት የሥራ ዕድል እንደቀረበልሽ ጽፈሽልኛል። አንደኛው በአንድ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ውስጥ የተመዘገቡ የአንቴና ማማዎችን በካርታ ላይ ማስፈርና መዝገባቸውን ማጥራት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ማማ እያቆመ ለቴሌኮም ድርጅቶች በሚያከራይ ኩባንያ ውስጥ የቦታ መረጣና የውል ክትትል ሲሆን፣ ደመወዙ ከመጀመሪያው ይበልጣል። ያስተማረሽ ታላቅ ወንድምሽ ስለ መጀመሪያው ሲሰማ «አምስት ዓመት ተምረሽ የምሰሶ ቁጥር ልትገለብጪ ነው?» እንዳለሽና ንግግሩ እንቅልፍ እንደነሳሽ ነግረሽኛል። ከፍታ መፍራትሽን፣ ሥራው ነገ በኮምፒውተር ይተካል የሚለውን ስጋትሽንና የሁለተኛ ዲግሪ ሐሳብሽንም ጠቅሰሻል።

ብዙውን ጊዜ ግራ ቀኙን አሳይቼ ምርጫውን ለጠያቂው እተዋለሁ። በዚህኛው ደብዳቤ ላይ ግን ወገን ይዤ ነው የምጽፈው፤ ይህን ሥራ ዝቅ አድርጎ ማየት የወንድምሽ ብቻ ሳይሆን በሙያው ውስጥ ያለን ሰዎችም የምንጋራው የቆየ ችግር ስለሆነ ዝም ብዬ ላልፈው አልፈልግም።

ወንድምሽ ልብ ያላለው ነገር አለ። በመዝገቡ ውስጥ የተቀመጠው የማማው ባለቤት የሰጠው ቃል እንጂ ማማው ራሱ አይደለም። ቃሉና መሬት ላይ የቆመው ብረት መገጣጠማቸውን የሚያረጋግጥ ሰው ከሌለ፣ ማማዎቹን ለአውሮፕላን እንደ መሰናክል የሚያሳየው ካርታ የቱንም ያህል ቢያምር አብራሪን ያሳስታል። ነገሩ እንዲገባሽ አንድ መዝገብ ቀርበን እንመልከት። ኬክሮሱ ላይ 30.45 ደቂቃ ተብሎ ተጽፏል እንበል። ቅጹን የሞላው ሰው 30 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ለማለት ፈልጎ በመሀሉ ነጥብ አኑሮ ሊሆን ይችላል፤ 30.45 ደቂቃ ግን 30 ደቂቃ ከ27 ሰከንድ ብቻ ነው። ልዩነቱ 18 ሰከንድ ነው፤ አንድ የኬክሮስ ሰከንድ ደግሞ መሬት ላይ 31 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ማማው ከቆመበት ቦታ ከ550 ሜትር በላይ ተገፍቶ ካርታ ላይ ይወጣል። ኮምፒውተሩ ቁጥሩን ያለ ቅሬታ ይቀበላል፤ ነጥቡም ባሕር ውስጥ ወይም ሌላ አገር ላይ ስላልወደቀ የማንንም ዓይን አይስብም። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ በአጭሩ አይካኦ፣ በኤርፖርት ዙሪያ እስከ 45 ኪሎ ሜትር በሚደርሰው ክልል ውስጥ የሚገኝ መሰናክል የቆመበት ቦታ በ5 ሜትር፣ ከፍታው በ3 ሜትር ትክክለኛነት እንዲታወቅ ይጠይቃል። ለመላው የአገር ግዛት በሚሰበሰበው መረጃ ላይ እንኳ የሚፈቀደው 50 እና 30 ሜትር ነው። ስለዚህ ያቺ አንዲት ነጥብ በኤርፖርት አካባቢ የሚፈቀደውን ስህተት ከመቶ እጥፍ በላይ ታልፈዋለች።

ከፍታው ከዚህም የባሰ አስቸጋሪ ነው። ዓምዱ ውስጥ 72 የሚል ቁጥር ብቻ ብታገኚ ብዙ ነገር መጠየቅ ይኖርብሻል፤ ሜትር ነው ወይስ ጫማ፣ ከመሬት ነው ወይስ ከባሕር ጠለል፣ እስከ ብረቱ ጫፍ ነው ወይስ በላዩ የተተከሉትን አንቴናዎችና የመብረቅ መከላከያ ዘንጉን ጨምሮ? 72 ሜትር የሚረዝም ማማ 72 ጫማ ነው ተብሎ ከተወሰደ 22 ሜትር ያህል ብቻ ይሆንና 50 ሜትር ብረት ከካርታው ይጠፋል። አራት ሜትር ዘንግ ሳይቆጠር ከቀረ ደግሞ ቅድም ያልኩት የ3 ሜትር ገደብ በዚያው አለቀ። ልኬቱ በሳተላይት መቀበያ የተወሰደ ከሆነ፣ መሣሪያው በመጀመሪያ የሚሰጠው ከፍታ ኤሊፕሶይድ ከሚባለው የስሌት ቅርጽ የተለካ እንጂ ከባሕር ጠለል የተለካ አይደለም፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በዓለም ዙሪያ ከቦታ ቦታ ይለያያል፣ ከሕንድ በስተደቡብ 100 ሜትር ያህል ዝቅ ሲል በኒው ጊኒ አካባቢ ከ80 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። ይህን በመጀመሪያው የጂኦዴሲ (የምድር ቅርጽና ልኬት ጥናት) ኮርስ ተምረሽዋል፤ ቅጹን የሞላው የኩባንያ ሠራተኛ ግን አልተማረውም። የቆዩ መዝገቦች ላይ ሌላም ጣጣ አለ። ደብሊው ጂ ኤስ 84 የሚባለው የቦታ መለኪያ ሥርዓት የአቪዬሽን የጋራ መነሻ የሆነው እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት የተለኩ ማማዎች በሌላ የልኬት መነሻ ተመዝግበው ሊገኙ ይችላሉ። በአሜሪካ የ1927ቱን መነሻ ከ1983ቱ ጋር ያምታታ ሰው በምዕራቡ የአገሪቱ ክፍል ወደ 100 ሜትር ሊስት ይችላል።

እነዚህ ቁጥሮች የት እንደሚደርሱ ብታውቂ ወንድምሽን ራስሽ ትመልሽለት ነበር። አብራሪው ውጭ ሳያይ በመሣሪያ ብቻ የሚበርበትን ሥርዓት የሚነድፈው ባለሙያ በ46 ኪሎ ሜትር ራዲየስ ክብ ውስጥ ለእያንዳንዱ የክቡ ክፍል (ዘርፍ) ዝቅተኛውን የበረራ ከፍታ ሲወስን፣ በዘርፉ ውስጥ ካለው ከሁሉም ከፍ ያለ መሰናክል ላይ ቢያንስ 300 ሜትር ይጨምራል። ያ 300 ሜትር ለአብራሪው፣ ለመሣሪያውና ለአየሩ ጠባይ የተተወ መጠባበቂያ ነው እንጂ የመዝገብ ስህተት መሸፈኛ አይደለም። በሌላ በኩል ፈቃድ ወጥቶለት ሳይሠራ የቀረ፣ ወይም ከፈረሰ ዓመታት ያለፉት ማማ በመዝገቡ ውስጥ ከቀረ፣ አውሮፕላኖች ለሌለ ነገር ሲሉ ከፍ ብለው እንዲበሩ ይገደዳሉ። የጠፋውን ማስገባትና የሌለውን ማውጣት እኩል ክብደት አላቸው፤ ሁለቱንም የሚያውቀው ግን ሄዶ ያየ ሰው ነው።

ደግሞም መዝገብ የማይነግርሽ ነገር አለ። ማማ በካርታ ላይ አንድ ነጥብ ነው፤ ረጃጅሞቹ ግን ከየአቅጣጫው ወጥረው በሚይዟቸው የብረት ገመዶች የተደገፉ ናቸው፤ ገመዶቹም ከማማው እግር በብዙ ርቀት መሬት ላይ ይታሰራሉ። እ.ኤ.አ. በ1968 በአሜሪካ ኖርዝ ዳኮታ ግዛት አንድ ሄሊኮፕተር ከ600 ሜትር በላይ የሚረዝም የቴሌቪዥን ማማ ገመድ በጥሶ ሄሊኮፕተሩም ማማውም ወድቀዋል። ነጥቡን በትክክል ማስቀመጥ ብቻውን በቂ አይደለም፤ ገመዱ እስከ የት እንደሚደርስ መመዝገብ እንዳለበት የሚያስብ ሰው በዚያ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ አለበት። የመመዝገብ ግዴታ ከሚጀምርበት ከፍታ በታች ስላሉት ማማዎችም እንዲሁ ነው። በአሜሪካ ግዴታው በጠቅላላው የሚጀምረው ከ200 ጫማ፣ ማለትም ከ60.96 ሜትር በላይ ከሆኑት ማማዎች ነው፤ ኤርፖርት አጠገብ ላሉት ግን ከዚያ ባነሰ ከፍታም ሊጀምር ይችላል። ነገር ግን ሰብል ላይ መድኃኒት የሚረጩ አብራሪዎች ከዚያ በታች ስለሚበሩ፣ ቀጫጭን የነፋስ መለኪያ ማማዎች ሕይወት ቀጥፈው፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ሕግ ከ50 እስከ 200 ጫማ ያሉትን የሚመለከት ድንጋጌ እንዲይዝ ተደርጓል። የመዝገቡ ወሰን የት ይሁን የሚለው የፖሊሲ ጥያቄ በመጨረሻ የሚመለሰው መዝገቡን ከውስጥ በሚያውቁ ሰዎች ነው።

እንግዲህ ምክሬ የመጀመሪያውን ሥራ እንድትይዢ ነው፤ ሆኖም በቅድመ ሁኔታ። ሥራው ከጠረጴዛ የማያስነሳ፣ የመጣውን ፋይል እንዳለ ወደ ካርታ የሚያዛውር ብቻ ከሆነ የወንድምሽ ፍርድ ልክ ይሆናል፤ በሦስት ዓመት ውስጥም የተማርሽውን ትረሺዋለሽ። ስለዚህ በቃለ መጠይቁ ላይ፣ የተጠራጠራችሁትን መዝገብ ለባለንብረቱ መልሳችሁ እንደገና በባለሙያ እንዲለካ የማዘዝ ሥልጣን እንዳላችሁ ጠይቂ። ሠራተኞቹ ራሳቸው መስክ ወጥተው ናሙና ይለኩ እንደሆነ፣ ያጠራችሁት መረጃም በየ28 ቀኑ በሚታደሰው የአቪዬሽን መረጃ ዑደት ገብቶ አብራሪዎች ዘንድ ይደርስ እንደሆነ ጠይቂ። የማማ መብራት ሲጠፋ ማን ለማን እንደሚያሳውቅም እግረ መንገድሽን ብታነሺ ጥሩ ነው፤ በአሜሪካ ደንብ በ30 ደቂቃ ውስጥ ያልተስተካከለ የማማ መብራት ለአቪዬሽን ባለሥልጣኑ ወዲያውኑ ይነገርና ለአብራሪዎች ማስጠንቀቂያ ይወጣል። ለእነዚህ ጥያቄዎች የሚሰጡሽ መልስ ክፍሉ በእርግጥ የሚሠራ መሆኑን ያሳይሻል። (ወደ ምክር ሥራ ከመምጣቴ በፊት ረጅሙን ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ትራይፖድ ተሸክሜ በመስክ ነው፤ «ሄደሽ እዪ» የሚለው ምክር ከማን አፍ እንደሚወጣ ግምት ውስጥ አስገቢ።)

የኪራይ ኩባንያውን ሥራ አልንቀውም። ቅጹ ከሚሞላበት ወገን መቀመጥ ብዙ ያስተምራል፤ ተቆጣጣሪዎችም ከዚያ የመጣ ሰው ሲያገኙ ይደሰታሉ። ይሁን እንጂ አሁን የቀረበልሽ መደብ ከባለ ይዞታዎች ጋር መደራደርና ውል መከታተል ነው። ሥራውን ብትወጂው ግድ የለም፤ በደብዳቤሽ ውስጥ ግን ስለ ደመወዙ እንጂ ስለ ሥራው አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ አልጻፍሽም።

ስለ ወንድምሽ በግልጽ ልናገር። ያስተማረሽ እሱ ነውና ክብርና ምስጋና ይገባዋል፤ ነገር ግን ክፍያውን ሲፈጽም የወደፊት ሥራሽንም አብሮ አልገዛም። ከደብዳቤሽ መለየት ያቃተኝ እሱን ያሳሰበው ገንዘቡ ይሁን ወይስ ለዘመድ ሲነግረው የሚያምር የሥራ ስም። የሥራ ስም ከሆነ አንድ ጊዜ በትህትና አስረጂው፤ ከዚያ በኋላ ካልተዋጠለት አንቺ የምትሸከሚው ጉዳይ አይደለም። ገንዘብ ከሆነ ደግሞ ተቀመጡና በቁጥር ተነጋገሩ፤ በወር ስንት ይጠበቅብሻል፣ እስከ መቼስ? መጠንና ማብቂያ ያለውን ግዴታ በአነስተኛው ደመወዝም ቢሆን ተጨናንቆ መወጣት ይቻል እንደሆነ አስልተሽ ታውቂዋለሽ፤ መጠንም ማብቂያም ሊነገርሽ ካልተቻለ ግን የትኛውም ደመወዝ አይበቃውም፤ ይህንንም ሳትፈሪ ንገሪው። ሆኖም የሁለቱ ደመወዝ ልዩነት የቤታችሁን ኪራይ ወይም የታናናሾችሽን ትምህርት በእርግጥ የሚነካ ከሆነ ምክሬን ወደ ጎን ትተሽ የሚከፍለውን ያዢ። ይህን ውሳኔ ግን ሒሳቡ ይወስነው እንጂ ሐፍረት አይወስነው።

የቀሩትን በአጭሩ ልመልስ። ከፍታ መፍራትሽ እንቅፋት አይሆንም፤ ማማ የሚለካው ከመሬት ሆኖ ቶታል ስቴሽን በሚባል የማዕዘንና የርቀት መለኪያ መሣሪያ ነው፣ መውጣት ለዚያ የሠለጠኑ ሰዎች ሥራ ነው። ኮምፒውተር የተገለባበጠ ኬክሮስና ኬንትሮስ ይይዝልሻል፤ ዘንጉ ትናንት መጨመሩን ግን አይነግርሽም። ሁለተኛ ዲግሪውን ከሁለት ዓመት ሥራ በኋላ፣ ከመዝገቡ ውስጥ ያገኘሽውን ችግር የጥናት ርዕስ አድርገሽ ጀምሪው።

እስከ ቃለ መጠይቁ ድረስ ጊዜ ስላለሽ አንድ ሥራ ልስጥሽ። የአሜሪካው የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን የአንቴና ማማ ምዝገባና የአገሪቱ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር የመሰናክሎች ፋይል ሁለቱም ለሕዝብ ክፍት ናቸው። አንድ ወረዳ የሚያህል ቦታ ምረጪና ሁለቱን ኪውጂአይኤስ በሚባለው የካርታ ሥራ ሶፍትዌር ላይ ደራርበሽ አስቀምጪ። በመሰናክሎቹ ፋይል ውስጥ እያንዳንዱ መሰናክል ተረጋግጧል ወይስ አልተረጋገጠም የሚል ምልክትና የትክክለኛነት ኮድ ታገኛለሽ፤ 1ኤ የሚለው ኮድ ለምሳሌ በቦታ 20 ጫማ፣ በከፍታ 3 ጫማ ማለት ነው። በአንዱ ኖረው በሌላው የሌሉትን፣ በሁለቱም ኖረው ቦታቸው ወይም ከፍታቸው የማይገጥመውን ለዪ፤ ከዚያ በሳተላይት ምስል ላይ የማማውን ጥላ ፈልጊና የትኛው መዝገብ ለእውነቱ እንደሚቀርብ ፍረጂ። ውጤቱን ከአንድ ካርታ ጋር በአንድ ገጽ ጽፈሽ ለቃለ መጠይቁ ይዘሽ ሂጂ፤ የኪራይ ኩባንያውንም መልስ የምትሰጪበት የሁለት ሳምንት ጊዜ እንዲጨምሩልሽ በጽሑፍ ጠይቂ።