ውኃ የጠጣ ኦፓል አልሞተም

እህቴ፣ ከእናትሽ የወረስሽውን የኦፓል ቀለበት ለበዓል አጸዳለሁ ብለሽ በሳሙና ውኃ ዘፍዝፈሽ ብታሳድሪው፣ ጠዋት ቀይና አረንጓዴው ብልጭታ ጠፍቶ እንደ መስታወት ጠርቶ ጠበቀሽ። «ድንጋዩ ሞተብኝ ወይ? የብር መስቀሌንስ በምን ልጠበው?» ብለሽ ጠይቀሻል። ደብረ ማርቆስ ውስጥ በወርቅ ቤት 19 ዓመት ሠርቻለሁ፤ እንዳንቺ ደንግጠው የመጡ ብዙዎችን አስተናግጃለሁና የማውቀውን ልንገርሽ።

ድንጋዩ አልሞተም፤ ውኃ ጠጥቶ ነው። ወሎ ውስጥ በደላንታ፣ ወገልጤና አካባቢ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ እየተቆፈረ የሚወጣው ኦፓል አብዛኛው በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት። በእነዚህ ቀዳዳዎች ውኃ ሲገባ ብርሃኑ ሳይበተን ያልፋል፤ ቀለሙም ይደበቃል። ውኃው ሲወጣ ቀለሙ ይመለሳል። ደረቁን ኦፓል ምላስሽ ላይ ብታስነኪው ለቀቅ አልል ብሎ ይጣበቃል፤ ምራቁን እየመጠጠ ነው።

ትልቁ ነገር አለመቸኮል ነው። ቀለበቱን በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ላይ አድርገሽ፣ ከፀሐይም ከምድጃም አርቀሽ፣ ጥላ ውስጥ ተዪው። አንዳንዱ በአንድ ቀን ይደርቃል፤ ወፍራሙ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንትም ይፈጃል፤ በተለይ በእኛ ከተማ የክረምት ብርድ። ይህን የምልሽ ጥፋት ፈጽሜ ስለተማርሁ ነው። ሥራ በጀመርሁ በሁለተኛው ዓመት፣ በነሐሴ፣ የአክስቴን የአንገት ኦፓል ካጠብሁ በኋላ ቶሎ እንዲደርቅ ብዬ ከከሰል ምድጃ አጠገብ አስቀመጥሁት። ከላዩ ያለው ውኃ ውስጡ ካለው ቀድሞ ስለተነነ ድንጋዩ እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጠቀ። ያንን የሚጠግን ባለሙያ የለም። አክስቴ አልተቆጣችኝም፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ከውኃ ይልቅ ለኦፓል የምፈራው ቅቤን ነው። ውኃ ይወጣል፤ ቅቤ ግን ገብቶ ይቀራል፤ ድንጋዩንም እያቆየ ቢጫ ያደርገዋል። ስለዚህ ፀጉርሽን ቅቤ ስትቀቢ የኦፓል ጉትቻሽን አውልቂ፤ ሊጥ ስታቦኪ፣ ወጥ ስትሠሪ ቀለበቱን አኑሪው። ከሁሉ የከፋው እንሶስላ ነው። እጃቸውን እንሶስላ ሲሞቁ ቀለበታቸውን ያላወለቁ ሙሽሮች ድንጋያቸው ቀልቶ ሲመጡ አይቼ፣ ለማስለቀቅ ብዙ ደክሜ አልተሳካልኝም። ሽቶም እንዲሁ፤ መጀመሪያ ሽቶውን ተቀቢ፣ ጌጡን በመጨረሻ አድርጊ። ኦፓልን ማጽዳት ማለት በንጹሕ ውኃ እርጥብ ባለ ለስላሳ ጨርቅ ጠረግ አድርጎ ወዲያው ማድረቅ ነው፤ ከዚያ አይለፍ። በጥርስ ሳሙናና በአመድ አትፈትጊው፤ በአቧራ ውስጥ ያለው አሸዋ እንኳን ከኦፓል ይጠነክራል፤ ስለዚህ ደረቅ አቧራውን በጨርቅ ከማሸትሽ በፊት እፍ በይው።

ኤመራልድ የሚባለው አረንጓዴ ድንጋይ ሌላ ጠባይ አለው። ከሻኪሶም ይምጣ ከሌላ አገር፣ ስንጥቁ እንዳይታይ ብዙ ጊዜ ዘይት ይገባበታል። ሙቅ ውኃ ያንን ዘይት ያወጣዋል፤ ስንጥቁም ይገለጣል። ለብ ባለ ውኃ ቶሎ ጠረግ ማድረግ ይበቃዋል። ሰንፔር ግን ጠንካራ ነው፤ ስንጥቅና ዘይት ከሌለው ለብ ያለ የሳሙና ውኃና ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ አይጎዳውም። ሉል ደግሞ ሎሚና ኮምጣጤ አይንካው፤ አሲድ ይበላዋል።

ስለ መስቀሉ፦ ድንጋይ የሌለበት ብር ከሆነ በሰሃን ላይ የአሉሚኒየም ፎይል አንጥፊ፣ መስቀሉን ፎይሉን እንዲነካ አድርጊው፣ አንድ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሺና ሙቅ ውኃ አፍስሺበት። ጥቁረቱ ብር ከድኝ ጋር ተዋሕዶ የፈጠረው ስለሆነ ድኙ ወደ አሉሚኒየሙ ይሄዳል፤ ብሩ ሳይፋቅ ይጠራል። እናቶቻችን በአመድና በሎሚ ሲወለውሉ ያበራል፤ በየዓመቱ ግን ከቅርጹ ትንሽ ትንሽ እየፋቀ ይወስዳል። አንድ ነገር ልብ በይ፦ በሐረጉ ጎድጓዳ ውስጥ ያለው ጥቁረት ሥራውን አጉልቶ የሚያሳየው ነው፤ የድሮ መስቀል ከሆነ ፎይሉን ተዪና ከፍ ያለውን ብቻ በጨርቅ አሺው። በረኪና ብርም ወርቅም አያስነኩት።

ወደ ቀለበትሽ ልመለስ። ሲደርቅ መሃል ላይ ቀለሙ ከመመለሱ በፊት እንደ ኖራ ነጭ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ብዙዎች ተበላሸ ብለው እንደገና ውኃ ውስጥ ይከቱታል። አንቺ እንዳትነኪው። ነጩ ካለፈ በኋላ ቀለበቱን ወደ ጆሮሽ አስጠግተሽ ቀስ ብለሽ ነቅንቂው፤ ድንጋዩ ኳ ኳ ካለ የያዙት ጥፍሮች ላልተዋልና ሳታደርጊው ወደ ወርቅ ሠሪ ውሰጂው።