ቋሚ ሥራ ለቅቆ ከቤት መሥራት፤ ከሕፃናት ጋር

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የአራት ዓመትና የዓመት ከመንፈቅ ልጆች አሉኝ። በግል ድርጅት ተቀጥሬ የትርጉም ሥራ እሠራለሁ። ለቅቄ ቤቴ ሆኜ ለውጭ ደንበኞች በፍሪላንስ ልሥራ ብል ባለቤቴ «ሒሳቡን ሠርተሽዋል?» አለኝ። «እግዚአብሔር ያውቃል» አልኩት። ተሳስቻለሁ?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ማወቁማ ያውቃል። ግንብ ሊሠራ የሚወድ አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲቆጥር ያስተማረውም ጌታ ራሱ ነው (ሉቃ. 14፥28)። ስለዚህ ሁለታችሁም ወረቀት ይዛችሁ ተቀመጡ።

ከብሩ በፊት ሰዓቱን ቁጠሩ። ሞግዚት ከሌለሽ የምትሠሪው ትንሹ ቀን ሲተኛና ማታ ሁለቱም ካሸለቡ በኋላ ነው፤ ቢበዛ 3 ሰዓት። በሰዓት 250 ቃል ያህል ተርጉመሽ ብታርሚ፣ በሳምንት 5 ቀን ሠርተሽ በወር 15,000 ገደማ ነው። ሥራ መፈለጉ፣ መጻጻፉ፣ የዘገየ ክፍያ መጠየቁ ከዚያው ሰዓት ላይ ስለሚወሰድ ሲሶውን ቀንሺ። የቀረውን 10,000 ቃል በዋጋሽ አባዢው። ከዚያ በደመወዝሽ ላይ አሠሪሽ የሚከፍልልሽን 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ ደምሪ፣ ትራንስፖርቱንና የሕፃናት ማቆያውን ቀንሺና ሁለቱን አስተያዪ። ሌላ ልጅ ካሰባችሁ ደግሞ ከመውለድ በፊት 30፣ ከወለዱ በኋላ 90 ቀን የሚከፈልበት ፈቃድ አብሮ ይቀራል።

የምሳሌ 31ዋን ሴት የሚጠቅሱልሽ አይጠፉም። እርሷ እኮ ገረዶች ነበሯት (ቁ. 15)፤ እዚያች ላይ ሁሉም ይዘላል። ሒሳቡ ካልመጣ ለግማሽ ቀን ሰው መቅጠር ነውር የለውም። ቤት መዋልና ከልጅ ጋር መዋል ለየቅል ነው፤ የዓመት ከመንፈቅ ሕፃን «እማዬ ሥራ ላይ ናት» ቢሉት አይገባውም፣ እጅሽን ይጎትታል፣ አንቺም ትቆጪዋለሽ። ይህን ለማየት ከመልቀቅሽ በፊት የዓመት ፈቃድ ውሰጂና ልጆቹን ማቆያ ሳትልኪ ሞክሪው። በቢሮ ሰዓት ተደብቆ መሞከር ግን ስርቆት ነው።

እሑድን አታስነኪ። የኒውዮርክ ደንበኛ ዓርብ ጽፎ «ሰኞ ጠዋት ይድረሰኝ» ቢልሽ አትደንግጪ፤ የእሱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ለአዲስ አበባ ሰኞ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው፣ በክረምታቸው 11። ቅዳሴሽን አስቀድሰሽ ትደርሺበታለሽ። ቀጠሮ ስትሰጪ ግን ሁልጊዜ ሁለት ቀን አስረዝሚ፤ ልጅ የሚያተኩሰው ሥራ በሚረከብበት ቀን ነውና ቃልሽ «አዎን አዎን» ሆኖ እንዲገኝ (ማቴ. 5፥37)።

አሥራቱን ወር ጠብቀሽ ሳይሆን ክፍያ በገባ ቁጥር አውጪ። ነጋዴ ከትርፉ እንደሚያወጣ የኢንተርኔትና የባንክ ወጪውን መቀነስ ትችያለሽ፤ የቤት ኪራይና አስቤዛ ግን አይቀነስም።