የረባሽ ስም ዝርዝሩን ተዪው

እህቴ፣ 72 የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች ይዘሽ ድምፅሽ እስኪዘጋ እንደምትጮኺ፣ የክፍሉ አለቃ በየቀኑ የረባሽ ስም ጽፎ ቢሰጥሽም ለውጥ እንዳላየሽ ነግረሽናል። ችግርሽን አውቀዋለሁ፤ 14 ዓመት አስተምሬያለሁ።

1. አትጩኺ። ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ይለምዱታል። ወሬኞቹ ዴስክ አጠገብ ሄደሽ ቁሚና እዚያው ሆነሽ ማስተማርሽን ቀጥዪ።

2. የስም ዝርዝሩን ተዪው። እኔን ያቃጠለኝ እሱ ነው። በሦስተኛ ዓመቴ የአንድ ልጅ ስም ከዝርዝሩ አናት ጠፍቶ አያውቅም ነበር። ሳላጣራ «ወላጅ ሳታመጣ እንዳትገባ» አልኩት። ሁለት ሳምንት ጠፋ። በሦስተኛው መናኸሪያው በር ላይ ጫማ ሲጠርግ አገኘሁት፤ ሲያየኝ ብሩሹን ከኋላው ደበቀ። «ምን እያደረግህ ነው ሁልጊዜ የምትጻፈው?» ብለው «እስክሪብቶ ስለሌለኝ» አለኝ። ለካ አለቃው ስም የሚሰርዘው እስክሪብቶ እየተቀበለ ኖሯል! ማታ ያጠራቀምኳቸውን ወረቀቶች ዘርግቼ ባይ፣ የተሰረዙት ስሞች አንዱ በቀይ፣ አንዱ በአረንጓዴ፣ አንዱ በሰማያዊ። ስንት ጊዜ በእጄ የያዝኩት ወረቀት ነው!

ልጁን ለማስመለስ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ብገባ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «አርጩሜ የለህም? ክፍል መያዝ ሲያቅታችሁ ነው ቢሮ የምታጣብቡት» አለኝ። ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ደንግጓል፤ የእሱ አርጩሜ ግን ከሰንደቅ ዓላማው ጎን ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ነበር። ሦስት ቀን ተመላለስኩበት። በአራተኛው የመግቢያ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረልኝ። አንስቼ ወጣሁ።

አሁን አለቃ በየሳምንቱ እቀይራለሁ፤ የምጀምረውም ከሚያስቸግሩት ነው። ሥራቸው ደብተር መሰብሰብና ሰሌዳ ማጥፋት ብቻ ነው። ባለፈው ዓመት አንዲት መምህርት ክፍሌን በመስኮት አይታ «ፈተና ላይ ናቸው እንዴ?» ብላኛለች። ክፍልፋይ እያስተማርኩ ነበር። (ይህን ለምክትሉ የሚነግርልኝ ባገኝ ደስ ይለኝ ነበር።)

3. ወላጅ ማነጋገር ግድ ከሆነብሽ አንቺው ቤታቸው ሂጂ። የዚያ ልጅ እናት እንጀራ ሸጣ አዳሪ ናት፤ ማታ ምጣዷን ስታስስ ደረስኩ። ሁለት ሳምንት ከክፍል መጥፋቱን ስነግራት ማሰሻው በእጇ እንዳለ ቀረች። «ኧረ ደብተሩን ይዞ ነው እኮ ጠዋት ጠዋት የሚወጣው» አለችኝ።