ከደሴ ኮምቦልቻ በእግር ስወርድ ጥፍሬን ለምን ያመኛል? ለሚለው

ጫማው ጠቦህ ላይሆን ይችላል፤ ማሰሪያው ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ትወርዳለህ። ማሰሪያው ከላላ እግርህ ወደ ፊት እየተንሸራተተ ጣትህ ከጫማው ጫፍ ጋር ይጋጫል።

በሁለቱ ከተሞች መሃል ባለው ሐረጎ ላይ ቁልቁለቱ ሳይጠነክር ቁጭ በል። ተረከዝህን መሬት ላይ መታ መታ አድርገህ ወደ ኋላ አስጠጋው። ከዚያ ቁርጭምጭሚትህ ጋ ያለውን ማሰሪያ ጠበቅ፣ ጣቶችህ ጋ ያለውን ላላ አድርገህ እሰር። ስትወርድ እርምጃህን አሳጥር። ጥፍርህን ደግሞ ከመንገዱ በፊት ባለው ማታ ቁረጥ።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ አስፋልቱን ከያዝክ የጆሮ ማዳመጫህን አውልቅ። እኔ ሁሌ መኪናው ፊት ለፊት በሚመጣበት በግራ በኩል ነው የምሄደው። ሐረጎ ኩርባ ላይ ግን ይሄም አይበቃም፤ ሲኖትራኩን ከማየትህ በፊት የምትሰማው ድምፁን ነው።