የሰዓቱ ዓምድ

ልጆቼ፣

ሕገ መንግሥቱ ወረዳ ውስጥ በዕለት ሥራ እንዴት እንደሚከበር ይህን የምጽፈው ሕግ ጨርሳችሁ ወረዳ ለተመደባችሁት ነው። ለጉዳይ ወረዳ የምትመላለሱትም ብታነቡት ይጠቅማችኋል።

እኔ ዐቃቤ ሕግ ሆኜ ወረዳ የገባሁት በ1989 ዓ.ም. ነው። ሕገ መንግሥቱ ኅዳር 29 ቀን 1987 ጸድቆ ነበርና ቅጂው መሳቢያዬ ውስጥ ነበር፤ አንቀጽ 13ን ግን አንብቤ ዝም ብዬ አልፌዋለሁ። በምዕራፍ ሦስት የተዘረዘሩትን መብቶች የማክበርና የማስከበር ግዴታ በማንኛውም ደረጃ ያለ ሕግ አውጪ፣ አስፈጻሚና የዳኝነት አካል ላይ ነው የጣለው። እኔ ያኔ የመሰለኝ ሕገ መንግሥት አዲስ አበባ ያሉ ትልልቅ ሰዎች ሥራ ነው፤ እኛ ዘንድ ያለው የድንበር ክርክርና የከብት ስርቆት ነው።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ከፖሊስ አንድ መዝገብ መጣልኝ። በጠብ የተጠረጠረ ወጣት ነው፤ የተያዘው ዓርብ ነው። በታሳሪዎች መዝገብ ላይ ስሙ አለ፣ ዕድሜው አለ፣ የተጠረጠረበት ወንጀል አለ፣ የተያዘበት ሰዓት የሚጻፍበት ዓምድ ግን ባዶ ነው። እናቱ ምሳ ዕቃ በጨርቅ ጠቅልላ በሬ ላይ ቆማለች። «ጌታው፣ ፍርድ ቤት የሚቀርበው መቼ ነው?» አለችኝ። «ቅዳሜና እሑድ አይቆጠርም፣ እማማ» አልኳትና የጊዜ ቀጠሮውን ጥያቄ፣ ማለትም ምርመራው እስኪያልቅ ታስሮ ይቆይ የሚለውን፣ ፈረምኩ።

ቅዳሜና እሑድ እንደማይቆጠር ያነበብኩበት ቦታ አልነበረም፤ ቢሮው ውስጥ ሲባል ሰምቼ ነው። ማታ ቤቴ ገብቼ አንቀጽ 19ን ገለጥኩ። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፤ ከዚህ የሚቀነሰው ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ በአግባቡ የሚወስደው የመንገድ ጊዜ ብቻ ነው። የእኛ ጣቢያና ፍርድ ቤቱ ደግሞ በአንድ መንገድ ወዲያና ወዲህ ነበሩ። እስከ ዛሬ ያችን ሴት ሳስባት አፍራለሁ።

ያ ባዶ ዓምድ ብዙ አስተምሮኛል። ሰዓቱ ካልተጻፈ 48ቱን ከየት ተነስተው ይቆጥሩታል? ስለዚህ በየሳምንቱ ጣቢያ እየሄድኩ መዝገቡን እገልጥ ጀመር። ሌላ ምንም አላደረግሁም። የጣቢያው ሰዎች መጀመሪያ ላይ ፊታቸው ጠቆረብኝ፤ አንዱማ «አቶ ሰዓት መጣ» እያለ ይቀልድብኝ ነበር።

ወረዳ ውስጥ ብዙ የምትሰሙት ቃል «ከላይ ነው» የሚለው ነው። ስልክ ይደወላል፣ እገሌ ይያዝ፣ የእገሌ ቤት ይፈተሽ፣ ስብሰባው ይቅር ይባላል። ያን ጊዜ አትጩኹ፣ ጀግና ለመሆንም አትቸኩሉ። «እሺ፣ በጽሑፍ ይድረሰኝና መዝገብ ቤት ገቢ ላስደርገው» በሉ። በእኔ ዕድሜ ከእነዚያ የቃል ትዕዛዞች አብዛኞቹ ወረቀት ሆነው አልመጡም። የመጡትም ፊርማና ማኅተም ስላረፈባቸው ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ ይታወቅ ነበር። ዋጋ አያስከፍልም አልላችሁም፤ እኔ ራሴ ባልጠየቅሁት ዝውውር ሁለት ጊዜ ጓዜን ጭኛለሁ። «ጊዜው አስቸኳይ ነው» ለሚላችሁም የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 93 አሳዩት፤ ወረዳ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የማወጅ ሥልጣን የለውም።

አስተዳዳሪ ሁሉ ክፉ ነው እንዳትሉ አንድ ነገር ልጨምር። ሌላ ወረዳ ሳለሁ ወጣቶች በውኃ ጉዳይ ሰልፍ ልንወጣ ነው ብለው ደብዳቤ አመጡ። ጸሐፊዋ «መጀመሪያ ፈቃድ ውሰዱ» ብላ መለሰቻቸው። ይህ ስህተት ዛሬም አለ። አዋጅ ቁጥር 3/1983 የሚጠይቀው ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅን ነው። አስተዳደሩ ቦታው ወይም ጊዜው ይለወጥ ካለ ምክንያቱን በ12 ሰዓት ውስጥ ጽፎ ይሰጣል፤ ከነጭራሹ አይደረግም ማለት ግን አይችልም። አስተዳዳሪው አዋጁን አምጣ አለኝ፤ መነጽሩን አድርጎ ሁለት ጊዜ አነበበውና ራሱ ብዕር አነሳ። የመረጡት ቀን ገበያ የሚውልበት ስለሆነ በማግሥቱ ይሁንላችሁ ብሎ ጻፈላቸው። ሰልፉ ተደረገ፣ ፖሊስ ዳር ዳር ቆመ፣ ሁሉም በሰላም ወደ ቤቱ ገባ። ውኃው የመጣው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ እሱ ሌላ ታሪክ ነው።

ባለጉዳይ ለሆናችሁት ደግሞ፣ ማመልከቻ ስታስገቡ ግልባጩ ላይ ቀኑን፣ የገቢ ቁጥሩንና ማኅተሙን ሳታስደርጉ ከመዝገብ ቤት አትውጡ። «ጥለኸው ሂድ፣ እናየዋለን» የተባለ ወረቀት ጠፍቶ ሲቀር ስንት ጊዜ አይቻለሁ! ሰው ተይዞባችሁ ፍርድ ቤት ካልቀረበ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 177 መሠረት አካል ነፃ የማውጣት አቤቱታ፣ ማለትም ያለ ሕግ የተያዘው ሰው ይለቀቅ የሚል ጥያቄ፣ ማቅረብ ይቻላል። በቃለ መሐላ ይደገፋል፤ የያዘው ማን እንደሆነና እንዴት እንደተያዘ ይገለጽበታል። ያን የምትጽፉት እንግዲህ ማን፣ የት፣ በስንት ሰዓት እንደወሰደው በዕለቱ ማስታወሻ ከያዛችሁ ነው።

ከመጀመሪያው ወረዳ ስዛወር ለመሰናበት ጣቢያ ሄድኩ። መዝገቡን ሳልጠይቅ ያ ቀልደኛ ፖሊስ ራሱ ከፈተልኝ። በብዕር የተሰመረው የሰዓት ዓምድ ከላይ እስከ ታች ሞልቷል። የመጨረሻው መስመር ላይ «ቅዳሜ፣ ከሌሊቱ 7፡40» ይላል፤ ጎኑ ደግሞ በሌላ እጅ «እሑድ ጠዋት ተረኛ ዳኛ ዘንድ ቀርቧል» ተብሎ ተጽፏል።