የቤተሰብን ሕመም ለምታስተረጉሙ ወጣቶች

ኢትዮጵያ ልጆቿ በጉዲፈቻ ወደ ውጭ አገር እንዳይሄዱ በ2010 ዓ.ም. በሕግ ከለከለች። ከዚያ በፊት የሄዱት ዛሬ አድገዋል፤ ሐኪም ቤት በገቡ ቁጥር «በቤተሰብሽ ስኳር፣ ካንሰር፣ የልብ ሕመም አለ?» ይባላሉ። መልሱ ያለው አገር ቤት፣ እናት ወይም አክስት ዘንድ ነው። መሀል ሆናችሁ ስልኩን የምትይዙት እናንተ ናችሁና ይህን ለእናንተ ጻፍሁ።

በሰላምታው አትቸኩሉ። ስለ በሽታ ስትጠይቁ እናት የምትሰማው «ልጄ ታማለች» የሚለውን ብቻ ነው። አስቀድማችሁ «ደኅና ናት፤ ሐኪሟ ለጥንቃቄ ብሎ ነው» በሉ።

ከዚያ ሰው በሰው ሂዱ። «ልብ የታመመ አለ?» ካላችሁ «ተመስገን፣ የለም» ተብሎ ያበቃል። ይልቅ «አባትዎ አሉ? ሲያርፉ ስንት ዓመታቸው ነበር? ምን ያማቸው ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ከወላጆችና ከእህት ወንድም ጀምራችሁ ወደ አያቶች፣ አክስቶችና አጎቶች እለፉ። «ወንድሜ» የተባለው የአጎት ልጅ ሊሆን ይችላልና «ከአንድ እናት ናችሁ?» ብላችሁ አጣሩ።

ትልቁ ስህተት የሚሠራው በበሽታ ስም ላይ ነው። «ነቀርሳ» ካንሰር ነው፤ «የሳንባ ነቀርሳ» ግን ቲቢ ነው፣ ቲቢ ደግሞ በዘር አይወረስም። በስልክ «ነቀርሳ ገደለው» ሲባል የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። ስለዚህ ያስል ነበር ወይ፣ እብጠት ነበረው ወይ፣ ለወራት የሚዋጥ መድኃኒት ተሰጥቶት ነበር ወይ ብላችሁ ጠይቁ። «ጨጓራ»ም ከቃር እስከ ሆድ ካንሰር ድረስ ይባልበታል። የተነገራችሁን ቃል እንዳለ ጻፉ፣ ምልክቱን ከጎኑ አስፍሩ፤ የበሽታውን ስም መወሰን የሐኪሙ ሥራ ነው።

በሕይወት ላለ ታማሚ ከቃልም የሚበልጥ ነገር አለ፦ የሚውጠው ኪኒን ማሸጊያ። ፎቶ አንስተው ይላኩላችሁ። ሜትፎርሚን ከሆነ ስኳር፣ ኢናላፕሪል ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ደም ግፊት ነው። የሆስፒታል ካርድና የሪፈር ወረቀትም እንዲፈልጉ ለምኗቸው።

ዕድሜ ላይ አትሰልቹ። አንድ ሰው የአንጀት ካንሰር በ45 ዓመቱ ከታወቀበት፣ ልጁ አሥር ዓመት ቀድሞ፣ በ35 ዓመቱ፣ ምርመራ እንዲጀምር ይመከራል። ልደቱ በእኛ አቆጣጠር፣ ሕመሙ የታወቀበት ዓመት በፈረንጆቹ ከተጻፈ ዕድሜው ላይ 7 ወይም 8 ዓመት ይጨመራል፤ ምርመራውም ይዘገያል። ከየዓመተ ምሕረቱ ጎን የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጻፉ። ዓመቱ ከጠፋቸው «ደርግ ሲወድቅ ነበሩ? ከሚሌኒየሙ በፊት ነው በኋላ?» በሉ።

የሚደበቅም አለ። የሚጥል በሽታን፣ የአእምሮ ሕመምን፣ እግር የሚያሳብጠውን ዝሆኔን ቤተሰብ ሰው ፊት አያወራም። ከቀይ አፈር የሚመጣው ዝሆኔ በዘር የተጋለጡትን ይበልጥ ቢያጠቃም፣ ከልጅነት ጀምሮ ጫማ በማድረግ መከላከል ይቻላል። ጎረቤት ቡና ሊጠጣ ተሰብስቦ ከሆነ ጥያቄውን ለሌላ ቀን አቆዩት። እናት ዝም ካለች አታስጨንቋት፤ ሌላ ቀን ከአክስት ጋር ብቻዋን ተነጋገሩ።

ያልተጠየቀውን ወይም ያልተመለሰውን ሁሉ «አይታወቅም» ብላችሁ መዝግቡ። «የለም» ብላችሁ ከጻፋችሁ ሐኪሙ ልጅቷ ለዚያ በሽታ አልተጋለጠችም ብሎ ያልፋታል።